«ስታንዳርዱን በቃሉ የሚያውቀው ባልደረባዬ ለምን ወደቀ?»

ጥያቄ

ለምክር ዓምዱ አዘጋጆች፦

በፕላስቲክ ማሸጊያ ማምረቻ የጥራት ቁጥጥር ሠራተኛ ሆኜ አራት ዓመት ሠርቻለሁ። ድርጅታችን የአይኤስኦ 9001፣ ማለትም የጥራት ሥራ አመራር ሥርዓት ስታንዳርድ፣ ሰርተፊኬት አለው። ሁለት ጊዜ በውስጥ ኦዲት ተሳትፌአለሁ፤ እውነቱን ለመናገር በተሰጠኝ ቼክሊስት ላይ «አለ» እና «የለም» እያልኩ ምልክት ከማድረግ ያለፈ አልሠራሁም። አሁን ለመሪ ኦዲተር ሥልጠና ገንዘብ እያጠራቀምኩ ነው። ነገር ግን ስታንዳርዱን በቃሉ የሚወጣው ባልደረባዬ ፈተናውን ወድቆ መጣና ፈራሁ። አንደኛ፣ መጀመሪያ የውስጥ ኦዲተር ኮርስ መውሰድ አለብኝ? ሁለተኛ፣ ኮርሱን በምን ልምረጥ፣ እንዴትስ ልዘጋጅ? ሦስተኛ፣ ሰርተፊኬቱን እንደያዝኩ በመሪ ኦዲተርነት መሥራት እችላለሁ? አራተኛ፣ ሥራ አስኪያጃችን «ተማርና የእህት ኩባንያችንን ሥርዓት ትዘረጋለህ፣ ከዚያ አንተው ኦዲት ታደርገዋለህ» ብሎኛል። ይሄ ይቻላል?

ከጥራት ክፍል

መልስ

ውድ ጠያቂያችን፦

በቅደም ተከተል ከመሄዳችን በፊት ባልደረባዎን እናንሳ፤ ሌላው ጥያቄዎ ሁሉ ዞሮ ዞሮ እዚያ ላይ ነው የሚያርፈው። የመሪ ኦዲተር ፈተና «አንቀጽ 7.2 ምን ይላል?» ብሎ የሚጠይቀው በጥቂቱ ነው። አብዛኛው ጥያቄ ሁኔታ ይተርካል፦ ኦዲተሩ ማሽኑ አጠገብ ይህን አየ፣ ሠራተኛው ይህን መለሰለት፣ መዝገቡ ላይ ይህ ተጽፏል። ከዚያ ጉድለት፣ ማለትም ያልተሟላ መስፈርት፣ አለ ወይስ የለም? ካለ ይጻፉት። ከሌለ ቀጥሎ የት ይሄዳሉ? ስታንዳርዱን የሸመደደ ሰው እዚህ ላይ የሚሰናከለው አላዋቂ ሆኖ አይደለም። ሁኔታውን አንብቦ ሳይጨርስ የአንቀጽ ቁጥር ትዝ ይለዋል፤ ቁጥሩ ትዝ ካለው ደግሞ ጉድለት ያገኘ ይመስለዋል።

ስለ ውስጥ ኦዲተር ኮርስ የጠየቁት አጭር መልስ ነው ያለው፤ ግዴታ አይደለም። ኮርሱ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ሲሆን ለመሪ ኦዲተር ኮርስ መግቢያ ተብሎ አይጠየቅም። የሚጠየቀው አይኤስኦ 9001ን አውቆ መምጣት ነው። የመሪ ኦዲተሩ ኮርስ አምስት ቀን፣ 40 ሰዓት ገደማ ነው፤ ያም ጊዜ ኦዲት እንዴት እንደሚታቀድ፣ እንደሚካሄድና እንደሚመራ የሚለማመዱበት እንጂ ስታንዳርዱን ከሀ ሁ የሚጀምሩበት አይደለም። ገንዘብዎ ለአንድ ኮርስ ብቻ የሚበቃ ከሆነ የውስጥ ኦዲተሩን ይዝለሉትና ስታንዳርዱን በራስዎ ያጥኑ። ይህን የምንለው ግን በሳምንት አምስትና ስድስት ሰዓት፣ ለስድስት ሳምንት ያህል ማጥናት ከቻሉ ነው። ካልቻሉ የሁለት ቀን የመስፈርቶች ኮርስ መውሰዱ አይከፋም።

ኮርስ ሲመርጡ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። አይኤስኦ ስታንዳርድ ያወጣል እንጂ ኦዲተር አያሠለጥንም፣ ለድርጅትም ለሰውም ሰርተፊኬት አይሰጥም። ስለዚህ «በአይኤስኦ የታወቀ ሥልጠና» የሚል ማስታወቂያ ካዩ ወይ ጻፊው አላወቀም፣ ወይ እርስዎ አያውቁም ብሎ ገምቷል። ለኦዲተር ኮርሶችና ለኦዲተሮች ዕውቅና የሚሰጡ የታወቁ አካላት አሉ፤ ሲኪውአይ እና አይአርሲኤ፣ ኤግዘምፕላር ግሎባል፣ ፒኢሲቢ ከነሱ መካከል ናቸው። አሠልጣኙ ድርጅት የትኛው አካል እንዳወቀለት ይጠይቁና መልሱን በድርጅቱ ወረቀት ላይ ሳይሆን በዚያው አካል ዝርዝር ውስጥ ያረጋግጡ። ኮርሱ በየትኛው የስታንዳርዱ እትም ላይ እንደተመሠረተ፣ ፈተናውን ማን እንደሚያርም፣ ከወደቁ በድጋሚ ለመፈተን ስንት ጊዜ እንደሚሰጥዎት፣ በክፍሉ ስንት ሰው እንደሚኖር ይጠይቁ። የመጨረሻው ጥያቄ ተራ ይመስላል፤ ነገር ግን አንድ አሠልጣኝ ሃያ ሰው ይዞ ከሆነ የእርስዎን ቃለ መጠይቅ ቆሞ አይቶ «እዚህ ጋ መልሱን አንተ ነገርከው» ሊልዎት ጊዜ የለውም። ኮርሱን ዋጋ የሚያሰጠው ደግሞ ይህ እርማት ነው። ቪዲዮ ብቻ አሳይቶ በሁለት ቀን «መሪ ኦዲተር» የሚል ወረቀት የሚሰጠውን ይተዉት፤ ልምምድ የለውም፣ የሚወድቅ ሰውም የለበትም።

በታወቁት ኮርሶች ዘንድ በየቀኑ የሚደረግ ምዘናና የመጨረሻ ፈተና ለየብቻ የሚታዩበት አሠራር አለ። በአምስቱ ቀን ልምምድ ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው የጽሑፍ ፈተናውን አልፎም ላይሳካለት ይችላል። የፈተናው ማለፊያ በብዙዎቹ 70 በመቶ ነው። የስታንዳርዱን ንጹሕ ቅጂ ይዞ መግባት ይፈቀድ እንደሆነም አስቀድመው ይጠይቁ። ከተፈቀደ መሸምደዱ ይበልጥ ትርጉም ያጣል።

አሁን ወደ ዝግጅቱ። ሦስት ሰነድ ያስፈልግዎታል፦ መስፈርቱን የያዘው አይኤስኦ 9001፡2015፣ ቃላቱን የሚተረጉመው አይኤስኦ 9000፣ እና የሥራ አመራር ሥርዓቶችን ኦዲት ስለማድረግ መመሪያ የሚሰጠው አይኤስኦ 19011 ናቸው። የኋለኛው በ2018 እትሙ ሰባት የኦዲት መርሆዎችን ያስቀምጣል፤ ሐቀኝነት፣ እውነተኛ አቀራረብ፣ ሙያዊ ጥንቃቄ፣ ምሥጢር ጠባቂነት፣ ገለልተኛነት፣ በማስረጃ ላይ መመሥረትና ሥጋትን ያገናዘበ አካሄድ። መርሆዎቹን በቃልዎ ቢይዟቸው ጥሩ ነው፤ ፈተና ላይ «ይህ ኦዲተር የትኛውን መርህ ጣሰ?» ተብሎ ይጠየቃል። ለሦስተኛ ወገን ኦዲት፣ ማለትም ሰርተፊኬት ለመስጠት ለሚደረገው፣ ሰርተፊኬት ሰጪ ድርጅቶችን የሚገዛው አይኤስኦ/አይኢሲ 17021-1 ነው። እሱን ሙሉውን ማንበብ አይጠበቅብዎትም፤ ስለ ገለልተኛነትና ስለ ኦዲቱ ዑደት የሚናገረውን ክፍል ያንብቡ።

የመጀመሪያውን ሳምንት ለቃላት ይስጡ። በእርማትና በማስተካከያ እርምጃ መካከል ያለው ልዩነት ብቻ በፈተና ላይ ብዙ ነጥብ ያስበላል። ስፌቱ የለቀቀ ከረጢት ከምርቱ ለይቶ ማውጣት እርማት ነው። ስፌቱ ለምን እንደለቀቀ አግኝቶ፣ ለምሳሌ የብየዳ ሙቀት መቆጣጠሪያውን አስተካክሎ፣ ዳግም እንዳይከሰት ማድረግ የማስተካከያ እርምጃ ነው። ኦዲት የተደረገው ክፍል «ሠራተኛውን መክረነዋል» ብሎ ሲመልስ ከሁለቱ የትኛውን እንደሰጠዎት መለየት ካልቻሉ ጉድለቱን ያለአግባብ ይዘጉለታል።

ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ሳምንት አንቀጾቹን ይሥሩ። ኦዲት የሚደረግባቸው ከ4 እስከ 10 ያሉት ናቸው፤ ከ1 እስከ 3 ያሉት ስለ ወሰን፣ ስለ ማጣቀሻና ስለ ቃላት ናቸው፤ በነሱ ጉድለት አይጻፍም። ከጊዜዎ ግማሹን ለአንቀጽ 8 ይስጡት፤ ምርቱ የሚሠራው እዚያ ነው። እንግሊዝኛውን ሲያነቡ ግሦቹን ይከታተሉ። «ሻል» ያለበት ግዴታ ነው። «ሹድ» ምክር ነው፤ «ኖት» (NOTE) ተብሎ የተጻፈውም ማብራሪያ እንጂ መስፈርት አይደለም። ስለ ሰነድ ሲናገር ደግሞ «ሜንቴይን» ካለ እየታደሰ የሚኖር ሰነድ፣ እንደ አሠራር መመሪያ ያለ ማለቱ ነው፤ «ሪቴይን» ካለ የተሠራውን ሥራ የሚመሰክር መዝገብ ማለቱ ነው። ሁለቱም በሌሉበት ቦታ አብዛኛውን ጊዜ ሰነድ የለም ብለው ጉድለት መጻፍ አይችሉም። የጥራት ማኑዋል የለም፣ የአመራር ተወካይ አልተሰየመም እያሉ የሚጽፉ ሠልጣኞች ዛሬም አሉ። እነዚህ በ2008ቱ እትም የነበሩ፣ በ2015ቱ የወጡ መስፈርቶች ናቸው። ባልደረባዎ የተማሩት ከአሮጌ ማስታወሻ ከሆነ አንዱ ምክንያት ይኸው ሊሆን ይችላል።

በ2024 ለ9001 የወጣውን ማሻሻያም እንዳይዘሉት። ጥቂት ቃላት ናቸው፤ ድርጅቱ የአየር ንብረት ለውጥ ለሥርዓቱ አግባብነት ያለው ጉዳይ መሆን አለመሆኑን እንዲወስን በ4.1 ያዝዛል፤ ባለድርሻ አካላትም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ፍላጎት ሊኖራቸው እንደሚችል በ4.2 ያስታውሳል። ወጥመዱ «ድርጅቱ የአየር ንብረት ዕቅድ የለውም» ብሎ ጉድለት መጻፍ ነው። መስፈርቱ አስበውበት እንዲወስኑ እንጂ ዕቅድ እንዲያወጡ አይልም። አስበንበት እኛን አይመለከተንም ብለው ምክንያታቸውን ካስረዱ ጉዳዩ እዚያ ላይ ያልቃል።

አምስተኛው ሳምንት ላይ ከመጽሐፉ ወጥተው በራስዎ ፋብሪካ ይለማመዱ። ለደንበኛ የተላከ አንድ ትእዛዝ ይምረጡና ወደ ኋላ ይከተሉት። ትእዛዙ ከመቀበሉ በፊት ማን ገመገመው (8.2.3)፤ ጥሬ ዕቃውን ያቀረበው ድርጅት እንዴት ተመረጠ (8.4)፤ የማሽኑ ሙቀትና ፍጥነት በምን ተወሰነ (8.5.1)፤ በዚያ ፈረቃ ማን ሠራ፣ ብቃቱስ በምን ታወቀ (7.2)፤ የፕላስቲክ ጥቅልሉ ከየትኛው የጥሬ ዕቃ ባች (በአንድ ዙር የተመረተ መጠን) እንደወጣ ይታወቃል ወይ (8.5.2)፤ በየትኛው ሚዛን ተመዘነ (7.1.5)፤ ማን ፈርሞ ለቀቀው (8.6)። ሁለት ሰዓት የሚፈጅ ሥራ ነው። ይህን ሦስት ጊዜ ካደረጉ የአንቀጽ ቁጥሮቹ በራሳቸው ይያዛሉ፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ኦዲት የሥራ ሂደትን መከተል እንጂ አንቀጽ በአንቀጽ መጠየቅ አለመሆኑ ይገባዎታል። ያ «አለ» «የለም» የሚሉበት ቼክሊስት መጥፎነቱ እዚህ ላይ ነው። ቼክሊስት ማስታወሻ ነው፤ በጎኑ መጻፍ ያለበት ምልክት ሳይሆን ያዩት ነገር ነው፦ የሰነዱ ቁጥር፣ ቀኑ፣ ከስንት ስንቱን እንዳዩ።

ስድስተኛው ሳምንት ለጉድለት አጻጻፍ ነው። በሙያው ሰዎች አፍ «ኤንሲ» የሚባለው ይህ ነው፤ ሰው የሚያልፈውም የሚወድቀውም እዚህ ላይ ስለሆነ ዘርዘር እናድርገው።

ኤንሲ ሦስት ነገር አለው፤ ምን እንደተጓደለ የሚናገር ዓረፍተ ነገር፣ የተጣሰው መስፈርት፣ እና ማስረጃው። ከሦስቱ አንዱ ከሌለ ኤንሲ አይደለም፣ አስተያየት ነው። በማሸጊያ ክፍል የካሊብሬሽን፣ ማለትም የልኬቱ ትክክለኛነት የሚረጋገጥበት፣ ጊዜው ያለፈበት ሚዛን አገኙ እንበል። ጀማሪ የሚጽፈው እንዲህ ነው፦ «የካሊብሬሽን አሠራሩ ደካማ ነው፤ ስታንዳርዱ በየዓመቱ ካሊብሬት ይደረግ ይላል፤ ድርጅቱ ፕሮግራም ማውጣት አለበት።» በሦስት ሐረግ ሦስት ስሕተት። «ደካማ» ፍርድ እንጂ ማስረጃ አይደለም። ስታንዳርዱ «በየዓመቱ» የሚል ቃል የለውም፤ የሚለው በተወሰነለት ጊዜ ወይም ከአጠቃቀም በፊት ነው፤ ጊዜውን የሚወስነው ድርጅቱ ራሱ ነው። «ፕሮግራም ማውጣት አለበት» ደግሞ መፍትሔ ነው፤ መፍትሔ ማምጣት የባለቤቱ ሥራ ነው። ኦዲተሩ መፍትሔውን ከነገረ በኋላ ውጤታማነቱን ሲገመግም የራሱን ሐሳብ ነው የሚያርመው።

አሁን ይህንን ያነጻጽሩ፦

«የማሸጊያ ክፍል ሚዛን ቁጥር 07 የካሊብሬሽን ጊዜው ካለፈ በኋላ ለምርት መልቀቂያ ምዘና ውሏል። መስፈርት፦ አይኤስኦ 9001፡2015 አንቀጽ 7.1.5.2፣ የመለኪያ መሣሪያ በተወሰነለት ጊዜ ወይም ከአጠቃቀም በፊት ካሊብሬት መደረግ ወይም መረጋገጥ አለበት፤ የድርጅቱ የመለኪያ መሣሪያዎች መመሪያ ክፍል 5.3 ለሚዛኖች የወሰነው ጊዜ 12 ወር ነው። ማስረጃ፦ ከ12 ሚዛኖች 5 ታይተዋል፤ በቁጥር 07 ላይ የተለጠፈውም በመዝገቡ የሰፈረውም የመጨረሻ ካሊብሬሽን 14 ወር ሆኖታል፤ በኦዲቱ ቀን ጠዋት የ3 ባች ክብደት በዚሁ ሚዛን ተመዝኖ ተመዝግቧል።»

በእውነተኛ ወረቀት ላይ ቀኖቹና የባች ቁጥሮቹም ይገባሉ። በክፍሉ ያልነበረ ሰው ይህን አንብቦ ሚዛኑ ድረስ ሄዶ ያንኑ ነገር ማግኘት መቻል አለበት፤ መለኪያው ይህ ነው። «ከ12 ሚዛኖች 5» የሚለውም ለጌጥ አልገባም፤ ጉድለቱ በናሙና የተገኘ መሆኑንና ሌሎቹ ሰባት አለመታየታቸውን ይናገራል። የሠራተኛውን ስም ግን አይጻፉ፤ የሥራ መደቡ ይበቃል።

ኤንሲው ከተጻፈ በኋላ ጥሩ ኦዲተር አንድ እርምጃ ይጨምራል። ይኸው አንቀጽ መሣሪያው ለታሰበለት ሥራ ብቁ ሆኖ ካልተገኘ ቀደም ሲል የተለካው ውጤት ተበላሽቶ እንደሆነ እንዲታይ ያዝዛል። ስለዚህ ድርጅቱ መልስ ሲልክ ሚዛኑን አስለክቶ ተለጣፊውን ማሳየቱ አይበቃም። ሚዛኑ ሲለካ ስንት ተገኘ? ስቶ ከነበረ ከመጨረሻው ካሊብሬሽን በኋላ የተላከው ምርት ምን ሆነ? ፈተናው የማስተካከያ እርምጃን እንዲገመግሙ ሲጠይቅዎ የሚፈልገው ይህን ዓይነት ጥያቄ ነው።

ደረጃ አሰጣጡ ላይ ሠልጣኞች በስሜት ይጓዛሉ። በ17021-1 አነጋገር ዋና ጉድለት የሚባለው ሥርዓቱ የታለመለትን ውጤት ለማምጣት ያለውን አቅም የሚነካው ነው። አንድ ሚዛን ሁለት ወር ማለፉ በራሱ አነስተኛ ጉድለት ነው። ካዩአቸው አምስት ሚዛኖች አራቱ ያለፈባቸው ከሆነና የሚከታተል ሰው ከሌለ ግን ሂደቱ ራሱ ቆሟል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ወደ ዋና ጉድለት ይሻገራል። በተቃራኒው፣ አንድ ዓይነት መስፈርት ላይ የተገኙ አምስት ትናንሽ ጉድለቶችን አምስት ኤንሲ አድርጎ መበተን የመሪ ኦዲተር ሥራ አይደለም። ሁለት የተለያዩ መስፈርቶችን በአንድ ኤንሲ ማጨቅም እንደዚሁ ስሕተት ነው፤ ለመዝጋት ያስቸግራል።

ሁለት ወጥመዶችን ለይተን እንንገርዎ፤ በሁኔታ ጥያቄዎች ውስጥ ደጋግመው በተለያየ መልክ ይመጣሉና። የመጀመሪያው፣ በማሽኑ አጠገብ የሥራ መመሪያ የለም። ብዙ ሰው ወዲያው 8.5.1 ብሎ ይጽፋል። አንቀጹ ግን ሰነዱ የሚያስፈልገው አግባብነት ሲኖረው መሆኑን ያስቀምጣል። ሠራተኛው በቃሉ በትክክል ካስረዳዎት፣ የብቃት መዝገቡ ካለና የሚወጣው ምርት ከመስፈርቱ ጋር ከተስማማ ጉድለቱ የት አለ? ትክክለኛው መልስ «በቂ ማስረጃ የለም፤ ቀጥዬ የሌሎቹን ፈረቃ ሠራተኞች እጠይቃለሁ፣ የብቃት መዝገባቸውንና የዚህን ማሽን የብልሽት መጠን አያለሁ» የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ጊዜው ያለፈ የእሳት ማጥፊያ። አደገኛ ነው፤ አጅቦዎት ላለው ሰው ወዲያው መንገር አለብዎት። ከምርቱ ጥራት ጋር ካልተያያዘ ግን የ9001 ኤንሲ አይሆንም፤ ለደኅንነት ሥርዓት ሌላ ስታንዳርድ አለ።

ከጽሑፉ ወጥተን ወደ ልምምዱ ስንመጣ፣ ኮርሱ መሪነትዎን የሚፈትነው በዋናነት ዕቅድ ሲያወጡና ስብሰባ ሲመሩ ነው። ለምሳሌ 40 ሠራተኛ ላለው ድርጅት የመጀመሪያ ሰርተፊኬት ኦዲት ያቅዱ ቢባሉ፣ የዓለም አቀፉ የአክሪዲቴሽን መድረክ (ለሰርተፊኬት ሰጪዎች ዕውቅና የሚሰጡ አካላት ማኅበር) ባወጣው ኤምዲ 5 በተባለው ሰነድ ሰንጠረዥ ከ26 እስከ 45 ሠራተኛ ላለው የሚሰጠው መነሻ 4 የኦዲት ቀን ነው፤ አንድ የኦዲት ቀን የአንድ ኦዲተር የአንድ ቀን ሥራ ነው። እንደ ሥራው ውስብስብነት ይጨመራል ወይም ይቀነሳል፤ ቅነሳው ግን ከ30 በመቶ አይበልጥም። ዕቅድ ማውጣትና ሪፖርት መጻፍም ከዚሁ ቀን ስለሚበላ፣ ኦዲቱ ራሱ ከጠቅላላው ከ80 በመቶ ባላነሰ ጊዜ ይካሄዳል። ከአራቱ ቀን አንዱን ለአንደኛው ምዕራፍ፣ ማለትም ሰነድ ለሚታይበትና ዝግጁነት ለሚመዘንበት፣ ቢያውሉት ሦስት ቀን ይቀርዎታል፤ ሁለት ኦዲተር ካላችሁ ለእያንዳንዱ አንድ ቀን ተኩል ማለት ነው። ዕቅዶች የሚበላሹት እዚህ ነው። ሁለቱ ኦዲተሮች በአንድ ሰዓት ያንኑ የምርት ኃላፊ ይጠይቃሉ። የሌሊት ፈረቃ ይረሳል። ለከፍተኛ አመራሩ ቃለ መጠይቅ ሰዓት አልተያዘም፤ ወይም ከመዝጊያ ስብሰባው በፊት ኦዲተሮቹ ብቻቸውን የሚመክሩበት ጊዜ የለም። የመጨረሻው ከጎደለ በመዝጊያው ላይ አንዱ ኦዲተር ሌላውን በደንበኛው ፊት ያርመዋል፤ ከዚያ የከፋ የለም።

የመክፈቻ ስብሰባው ሩብ ሰዓት ቢወስድ ይበቃዋል። ቡድኑን ያስተዋውቁ፤ ዓላማውን፣ ወሰኑን፣ መመዘኛውንና ሰዓቱን ያረጋግጡ፤ ኦዲቱ በናሙና እንደሚካሄድና ምሥጢር እንደሚጠበቅ ይናገሩ፤ የጉድለት ደረጃዎችን ያስረዱ፤ የደኅንነት ደንባቸውን ይጠይቁ፤ የመዝጊያውን ሰዓት ያስታውቁ። ቅሬታ ካላቸው ወዴት እንደሚያቀርቡ መንገርን ሠልጣኝ ሁሉ ይረሳል፤ እርስዎ አይርሱ። በቃለ መጠይቁ ላይ «ካሊብሬሽን ታደርጋላችሁ አይደል?» ማለት ለመልሱ ትራስ ማንጠፍ ነው። «ይህ ሚዛን ትክክል መሆኑን በምን ያውቃሉ?» ይበሉ፤ ቀጥለው «ያሳዩኝ»። አጃቢው ስለ ሠራተኛው ሆኖ ሲመልስ በትሕትና ጥያቄውን ወደ ሠራተኛው ይመልሱት። በመዝጊያው ስብሰባ ላይ የሚሰማ ጉድለት አዲስ መሆን የለበትም፤ ኃላፊው ጉድለቱ በተገኘበት ሰዓት ሰምቶት መሆን አለበት።

ሦስተኛው ጥያቄዎ። ኮርሱን ማለፍ የምስክር ወረቀት ያስገኝልዎታል፤ መሪ ኦዲተር የሚያደርግዎ ግን በኦዲት ላይ ያሳለፉት ጊዜ ነው። ለምሳሌ በፒኢሲቢ አሠራር ፈተናውን ካለፉ በኋላ የመሪ ኦዲተር ማዕረግ ለማግኘት አምስት ዓመት የሥራ ልምድ፣ ከዚያ ውስጥ ሁለቱ በጥራት ሥራ አመራር፣ ደግሞም 300 ሰዓት የኦዲት ሥራ ይጠየቃል፤ የኦዲተር ማዕረግ ሁለት ዓመት፣ ከሱም አንዱ በጥራት ሥራ አመራር፣ እና 200 ሰዓት ይፈልጋል። የእርስዎ አራት ዓመት ለኦዲተርነቱ መልካም መነሻ ነው፤ የሚጎድልዎት ሰዓቱ ነው። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ የኦዲት መዝገብ ይያዙ፦ ቀን፣ የድርጅት ወይም የክፍል ስም፣ የታየው ሂደት፣ ሚናዎ፣ ስንት ሰዓት፣ ማን እንደሚያረጋግጥልዎ። ዓመታት ካለፉ በኋላ ፊርማ ለማሰባሰብ መሞከር አድካሚ ነው፤ የሚፈርሙልዎ ኃላፊዎች ሥራ ይለቃሉ።

ሰርተፊኬት ሰጪ ድርጅት ቢቀጥርዎ ደግሞ ወዲያው ቡድን አይሰጥዎትም። መጀመሪያ ታዛቢ፣ ቀጥሎ በሌላ ዓይን ሥር የሚሠራ ኦዲተር፣ ከዚያም መሪ ሆነው እየሠሩ የሚታዩበት ደረጃ ይኖራል። ዘርፍዎም ይታያል። የሰርተፊኬት ሥራ በ39 የኢኮኖሚ ዘርፎች ይመደባል፤ የጎማና የፕላስቲክ ውጤቶች ቁጥር 14 ነው። እርስዎ በቁጥር 14 ተፈላጊ ይሆናሉ፤ ሆስፒታል ወይም የሶፍትዌር ድርጅት ኦዲት እንዲያደርጉ ግን አይላኩም። ስለዚህ የፋብሪካ ዓመታትዎን በሥራ ማመልከቻዎ ላይ በአንድ መስመር አይለፉት፤ በየትኛው ማሽንና ሂደት ላይ እንደሠሩ ይዘርዝሩ።

የሥራ አስኪያጅዎ ሐሳብ ግማሹ ይሆናል። ሥርዓቱን መዘርጋት ይችላሉ። የዘረጉትን ኦዲት ማድረግ ግን አይችሉም። አንቀጽ 9.2 የውስጥ ኦዲተሮች ተጨባጭነትና ገለልተኛነት በሚጠብቅ መንገድ እንዲመረጡ ያዝዛል፤ የራስዎን መመሪያ ራስዎ ሲገመግሙ ያ አይጠበቅም። ወደፊት በሰርተፊኬት ሰጪ ድርጅት ቢቀጠሩ ደግሞ የማማከር ሥራ ከሠሩለት ድርጅት ለሁለት ዓመት መራቅ ይኖርብዎታል፤ 17021-1 ይህን በግልጽ ይናገራል። ስለዚህ ለእህት ኩባንያው የሠሩትን ሥራ መጨረሻ ቀን በመዝገብዎ ያስፍሩት፤ ሁለቱ ዓመት የሚቆጠረው ከዚያ ነው።

ለሥራ አስኪያጅዎ የሚያቀርቡት አማራጭም አለ። የውስጥ ኦዲት ለመሥራት የመሪ ኦዲተር ሰርተፊኬት አያስፈልግም፤ 9001 የሚጠይቀው ብቃትን ነው፣ ለብቃቱም መዝገብ። እርስዎ ሥርዓቱን ይዘርጉ፤ ኦዲቱን ባልደረባዎ ይሥሩት። ስታንዳርዱን ያውቁታል፤ የጎደላቸው አይቶ መጻፍ ነው። ያገኙትን ጉድለት ሁሉ ከላይ ባሳየነው መንገድ ከጻፉት፣ ለዳግም ፈተናቸው ከዚህ የተሻለ ልምምድ አያገኙም።